የታካሚው ቤት ምን ያህል ይርቃል?

ባለፈው ዓመት ኢስታንቡል ላይ በተካሄደ አንድ ዓለም አቀፍ የፕላስቲክና የመልሶ ግንባታ ቀዶ ጥገና ጉባኤ ንግግር እንዳቀርብ ስጋበዝ፣ አዘጋጆቹ ከእኔ ምን እንደሚጠብቁ ከግብዣ ደብዳቤው መገመት አያዳግትም ነበር። ውስን አቅም ባለባቸው አገሮች ስለሚሰጥ ሕክምና በሚነገርበት ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብዙው ተሰብሳቢ ከተማውን ለማየት በሚወጣበት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ተመደበልኝ። በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ ከአፍሪካ የሚሄድ ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የታወቀ ነው፤ የሌለውን መሣሪያ ይዘረዝራል፣ ክፉኛ የተጎዱ ሰዎችን ፎቶግራፍ ያሳያል፣ ተሰብሳቢው ያዝናል፣ ያጨበጭባል፣ ከዚያም ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። እኔ ግን ባሕር ዳር ላይ የምንሠራው ሥራ ያስተማረኝንና ከመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ራሱን ችሎ ተጽፎ ያላገኘሁትን አንድ ሐሳብ ይዤ ለመሄድ ወሰንኩ። ሐሳቡ በአጭሩ፣ በቃጠሎ ጠባሳ የተያዘን አንገት በየትኛው የቀዶ ጥገና ዘዴ እንደምናላቅቅ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ታካሚው ከሆስፒታል እስከ ቤቱ የሚጓዘው መንገድ ነው የሚል ነው።

ይህን ለማስረዳት ከሕመሙ መጀመር ይኖርብኛል። በክልላችን ገጠር የቃጠሎ አደጋ በአብዛኛው የሚደርሰው ቤት ውስጥ ነው። ምድጃው መሬት ላይ ነው፤ ጉልቻው ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን እጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ወጡም፣ የፈላው ውኃም፣ አረቄ በሚወጣበት ቤት ደግሞ እሱም፣ ሁሉም በዚያው ዙሪያ ነው። መብራት ባልገባበት ቤት ኩራዝ ይገለበጣል፣ ነጭ ጋዝ ቀሚስ ላይ ይፈሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ሳይጀምር ሲቀር፣ እሳት ዳር ይወድቃል፤ ብቻውን ከሆነ ደግሞ እሳቱ አጥንት እስኪደርስ ድረስ የሚያነሣው አይገኝም። የተቃጠለን ሰውነት ወዲያውኑ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ ጉዳቱን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ከምንጭ በጀርባ ታዝሎ በሚመጣበት ቤት ለሃያ ደቂቃ የሚፈስ ውኃ ከየት ይገኛል? ስለዚህ እንቁላል ይሰበርበታል፣ ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና ይቀባል፣ ጭቃም ይለጠፋል። በዚህ ምክንያት እናቶችን ተመላላሽ ክፍል ውስጥ የሚቆጣ ሐኪም ስሰማ ደስ አይለኝም፤ ሴትዮዋ ያደረገችው እጇ ላይ በነበረው ነገር ነው።

ጥልቅ የሆነና ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይሽር የቆየ ቁስል፣ ሲሽር ወፍራምና የሚሰበሰብ ጠባሳ ይተዋል። ቁስሉ ውስጥ ማዮፋይብሮብላስት የሚባሉ፣ እንደ ጡንቻ የመኮማተር ኃይል ያላቸው ሴሎች ይፈጠሩና ዙሪያውን ያለውን ጤነኛ ቆዳ ወደ መሃል ይስባሉ፤ ይህም ሥራቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቀጥላል። አንገቷ የተቃጠለ ሕፃን ሕመሙ እንዲቀልላት አገጯን ወደ ደረቷ ታስጠጋለች። እናትየዋም አዝና ከራስጌዋ ትራስ ትጨምርላታለች። ለታማሚዋ የሚመቻት ይህ አተኛኘት ግን አገጭን ከደረት ጋር የሚያጣብቀው ራሱ ነው፤ ትራሱ መግባት የነበረበት ከትከሻዋ ሥር ነበር፣ አንገቷ ወደ ኋላ እንዲዘረጋ። ከጥቂት ወራት በኋላ የታችኛው ከንፈር ወደ ታች ይሳባል፣ አፍ አይገጥምም፣ ምራቅ ይፈሳል፣ ቀና ብሎ ሰው ማየት አይቻልም። ገና በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይ ደግሞ ጠባሳው መንጋጋውን ሳይቀር እያጣመመ የታችኛዎቹን ጥርሶች ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ የምታቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ወደ እኛ የምትመጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጠባሳው ጠበብ ያለ ገመድ የመሰለ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። በዜድ ፊደል ቅርጽ ተሰንጥቆ ሁለቱ ማእዘኖች ቦታ ሲለዋወጡ ርዝመት ይገኛል፤ ማእዘኖቹ ስድሳ ዲግሪ ከሆኑ በስሌት ደረጃ የሚገኘው ጭማሪ እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። ገበሬውም የከተማው ሰውም በዚህ እኩል ይጠቀማል፤ እኔም በንግግሬ ላይ ብዙ አልቆየሁበትም። ችግሩ የአንገት ፊት በሙሉ ጠባሳ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ጠባሳው ከጎን እስከ ጎን ተሰንጥቆ አንገቱ ወደ ኋላ ሲላቀቅ ትልቅ ክፍት ቁስል ይፈጠራል፣ እሱን የምንሸፍንበትም በዋናነት ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከጭን ስስ የቆዳ ሽፋን አንሥቶ መለጠፍ ነው፤ ግራፍት የምንለው። ሁለተኛው ጤነኛ ቆዳን ከሥሩ ካለው ስብና ከራሱ የደም ሥር ሳይለያዩ አንሥቶ ወደ ቁስሉ ማዞር ነው፤ ፍላፕ የምንለው። ለአንገት የሚመረጠው ፍላፕ ከትከሻ የሚነሣው ሲሆን፣ ላምበርቲ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ደም ሥሩ ጽፎ ነበር፤ በጀርመን ይሠራ የነበረው ፓሉዋ ደግሞ ከነባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዚህ ለአገጭና ደረት መጣበቅ እንዴት እንደሚያገለግል ካሳየ ወዲህ በብዙ አገር የታወቀ ሆኗል። ማይክሮስኮፕ አይፈልግም። የሚፈልገው የደም ሥሩን መነሻ በደንብ የሚያውቅ እጅና ትዕግሥት ነው።

ግራፍት ሥራው አጭር ነው፣ ደም ብዙ አያስፈስስም፣ ስስ ስለሆነም የአንገትን ቅርጽ አይደብቅም። ነገር ግን ስሱ ግራፍት ከተለጠፈ በኋላ፣ እንደ ረጠበ ጠፍር፣ እየቆየ ይሰበሰባል። ይህን መሰብሰብ የሚከለክለው አንገቱን ዘርግቶ የሚይዝ ደገፋ ነው፤ ደገፋውም ቢያንስ ለስድስት ወር ያህል፣ ከምግብና ከመታጠቢያ ሰዓት በቀር ቀንና ሌሊት ሳይወልቅ መቆየት አለበት። ከውጭ የሚመጣው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ውድ ስለሆነ፣ የፊዚዮቴራፒ ባልደረቦቼ የውኃ ቧንቧ ፕላስቲክ ሰንጥቀው፣ በፈላ ውኃ አለስልሰው፣ በልጅቷ አንገት ልክ ቅርጽ ያስይዙታል፤ ከውስጡ ስፖንጅና ንጹሕ ጨርቅ ያለብሱታል። ቆንጆ ሥራ ነው፤ ኢስታንቡል ላይ ፎቶውን ሳሳይ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። ፍላፕ ግን ይህን ሁሉ እምብዛም አይሻም። የራሱ ስብና የራሱ ደም ስላለው አይሰበሰብም ማለት ይቻላል፣ ከልጅቷም ጋር ያድጋል። በምትኩ ወፍራም ነው፣ ትከሻ ላይ ሌላ ጠባሳ ይተዋል፣ ሰዓት ይፈጃል፣ ጫፉ የመሞት ዕድልም አለው።

መጻሕፍቱ ከእነዚህ አንዱን ስንመርጥ የቁስሉን ስፋት፣ የትከሻውን ቆዳ ጤንነት፣ የታካሚውን ዕድሜ እንድንመለከት ይነግሩናል። ታካሚዋ በማግስቱ የምትሳፈርበትን አውቶቡስ እንድንመለከት ግን አይነግሩንም። የቧንቧ ደገፋ አንገቷ ላይ አሥረን ወደ መተማ አካባቢ ወይም ወደ ሰሜን ተራሮች የሸኘናት ልጅ ምን እንደምትሆን ለመገመት መናኸሪያ ሄዶ መቆም ይበቃል። መኪናው ይሞቃል፣ ደገፋው ያሳክካል፣ ከጎኗ የተቀመጠው ሰው "ምን ሆና ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ቤት ስትደርስ ጀሪካን አዝላ ውኃ መቅዳት አለባት፤ በተዘረጋ አንገት ጎንበስ ብሎ መሸከም አይቻልም። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ እናቷ ለዛሬ ብቻ ብላ ታወልቅላታለች። የተቀጠረችበት ቀን ሰኔ ላይ ከዋለ ማሳው ላይ እርሻ አለ፣ ኅዳር ላይ ከዋለ አጨዳ አለ፤ መንገዱ ደግሞ በራሱ ምክንያት የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ርቀት ሁልጊዜ በኪሎ ሜትር የሚለካም አይደለም። ጎንደር ከእኛ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው ግን ሐይቁ ላይ ከፊታችን ከምትታየው ደሴት ከሚመጣው ሰው ይልቅ አንዳንዴ ቶሎ ይደርሳል፤ የደሴቱ ሰው ጀልባ የሚነሣበትን ቀን መጠበቅ አለበት፣ ማዕበል ካለም ይቀራል። ደገፋ የተበላሸበት ሰው "ነገ ናና እናስተካክልልህ" የሚባለው ነገ መምጣት የሚችል ሲሆን ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ ምርመራችን ውስጥ "ባሕር ዳር ዘመድ አላችሁ?" የሚለው ጥያቄ ከአንገቱ መለኪያ እኩል ቦታ የያዘው። ዘመድ ያላት፣ ለወራት ከተማው ውስጥ ቆይታ በየሳምንቱ ፊዚዮቴራፒ ልትመጣ የምትችል ታካሚ ግራፍት ብታገኝ ጥሩ ውጤት ይኖራታል። የሩቅ አገር ሰው፣ ተመልሳ መምጣቷ የማያስተማምን ከሆነ፣ የትከሻዋ ቆዳ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ፍላፑን እንመርጥላታለን፤ በዚያ ቀን ሥራችን ቢረዝምም፣ አንገቷ ትንሽ ቢወፍርም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር።

ዝግጅቱ ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ የወሰደው ፎቶግራፍ ላይ ነው። የታካሚን ፊት በሌላ አገር አዳራሽ ለማሳየት መዝገብ ላይ የተፈረመ ወረቀት ብቻውን በቂ ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙዎቹ ሲፈርሙ የፈረሙት ለሕክምናው ነው፤ አንዳንዶቹም በጣታቸው አሻራ ነው። ስለዚህ የማሳያቸውን ሰዎች በስልክም፣ በቀጠሯቸው ቀንም እንደገና ጠየቅኋቸው። አንዱ አባት ፈጽሞ አይሆንም አለ፣ ፎቶውም ወጣ። ከደብረ ታቦር ወዲያ ካለ ቀበሌ የምትመጣ የአንዲት ልጅ እናት ደግሞ ላፕቶፑ ላይ የልጇን ምስል ረጅም ጊዜ አይታ፣ "ዶክተር፣ ይህን የሚያዩት ሰዎች ሐኪሞች ብቻ ናቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ እትዬ፣ ሁሉም ሐኪሞች ናቸው" አልኋት። "እንግዲያው የበፊቱን ያሳዩአቸው፤ እሱ ሕመም ነው፣ አያሳፍርም። የአሁኑ ግን ፀጉሯ ሳይሠራ የተነሣ ነው፤ ሹሩባ አሠርቼ ላምጣትና እንደገና ያንሷት" አለችኝ። በተባለው ቀን ልጅቷ ሹሩባ ተሠርታ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ይህን ለተሰብሳቢው አልተናገርኩም፤ ነገር ግን ከአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ከታዩት ምስሎች ሁሉ ባለቤቱ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የተጠየቀበት እሱ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ኢስታንቡል የደረስኩት ሌሊት ነው። አየር ማረፊያው ውስጥ ጭንቅላታቸው ላይ ፋሻና ጥቁር ማሰሪያ ያደረጉ ወንዶች ሲያልፉ ሳይ ለአፍታ አደጋ የደረሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፀጉር አስተክለው ወደየአገራቸው የሚመለሱ ናቸው። ሙያችን ሁለት ፊት እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። በጉባኤው የኤግዚቢሽን አዳራሽም የጡት ሲሊኮን፣ የጨረር መሣሪያና ሽብሽብ የሚያጠፋ መርፌ የሚሸጡት ድርጅቶች ሰፊውን ቦታ ይዘው ነበር፤ የቃጠሎ ሕክምና ዕቃ የሚያሳዩት ጥግ ላይ ነበሩ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሰው ስለ መልኩ መጨነቁ ከሰውነቱ የሚመጣ ነው፣ የሹሩባዋ እናትም ይህንኑ ነው የተናገረችው።

ከሰማኋቸው ንግግሮች ያስደነቀኝ የሊምፍ ቱቦዎችን፣ ማለትም ከደም ሥር የሚወጣውን ፈሳሽ ሰብስበው የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ከደም ሥር ጋር ስለማጋጠም የቀረበው ነው፤ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሱ ቱቦዎች በማይክሮስኮፕ ሥር ሲሰፉ ቪዲዮው ላይ አየሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜልቦርን ላይ ዳንኤልና ቴይለር የተባሉ ሐኪሞች ከብሽሽት ያነሡትን ቆዳ ከነደም ሥሩ ቆርጠው እግር ላይ ካለ ደም ሥር ጋር ሲያጋጥሙ እንደ ትልቅ ድፍረት ተቆጥሮ ነበር፤ ዛሬ በታላላቅ ሆስፒታሎች የየሳምንት ሥራ ነው። እኛ ዘንድ ይህ የማይዘወተረው ማይክሮስኮፕ ስለሌለ ብቻ አይመስለኝም። ከዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና በኋላ በነበሩት ቀናት የተጋጠመው ደም ሥር ቢዘጋ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓትም ቢሆን ተመልሶ የሚከፍት ቡድን፣ በየሰዓቱ የቆዳውን ቀለም የምታይ ነርስ፣ የማይጠፋ መብራት ይፈልጋል። መሣሪያ በዕርዳታ ሊመጣ ይችላል፣ ይህ ግን በዕርዳታ አይመጣም።

ከትናንሽ ከተሞች ለመጣን ሐኪሞች የሙያው ታሪክ የሚያጽናናን ነገር አለው። ዞራ ያንዤኮቪች የምትባል ሐኪም በያኔዋ ዩጎዝላቪያ፣ በዛሬዋ ስሎቬኒያ፣ ማሪቦር በምትባል ከተማ ትሠራ ነበር። ጥልቅ ቃጠሎ የደረሰበትን ቆዳ ሳምንታት ጠብቆ በራሱ እስኪላቀቅ ከመጠበቅ ይልቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በስሱ እየቆረጡ ሕያው ቆዳ ላይ ሲደርሱ ማቆምና ወዲያው በግራፍት መሸፈን እንደሚሻል አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመችው ጽሑፍም የቃጠሎ ሕክምናን አካሄድ ለወጠው፣ ከብዙ አገር ሐኪሞችም ሥራዋን ለማየት ወደ ማሪቦር ይጓዙ ነበር። ሚላርድ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪምም ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን የተሰነጠቀ ከንፈር መጠገኛ ዘዴ ኮሪያ ውስጥ ወታደራዊ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ አስቦት፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ስቶክሆልም ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ጉባኤ አቅርቦታል። የእኔ ንግግር ከእነዚህ ጋር የሚቆጠር አይደለም፤ ነገር ግን በሙያችን ውስጥ አዲስ ሐሳብ ሁልጊዜ ከትልቅ ማእከል እንዳልመጣ ማወቁ መድረክ ላይ ለመቆም ይረዳል።

ንግግሩ ራሱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር፣ ሰዓቱን የሚያሳየው ቀይ ቁጥር ከፊቴ ወደ ኋላ ይቆጥራል። አንድ ነገር ብቻ ሆን ብዬ አደረግሁ፦ ታካሚዎቹ ከሆስፒታል በወጡበት ቀን የተነሡትን ፎቶዎች አላሳየሁም። በዚያን ቀን ሁሉም አንገት ረጅም፣ ሁሉም ግራፍት ያማረ ነው፤ በጉባኤዎች ላይ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ያሳየሁት ከዓመት በኋላ የተነሡትን ነው፣ ወደ ቤታቸው ደገፋ ይዘው ሄደው ሳይመለሱ የቆዩትንም ጨምሮ። የእነዚህ ግራፍት ተሰብስቦ አገጩ ወደ ነበረበት ሊመለስ ጥቂት ቀርቶታል። አዳራሹ ዝም አለ። አንድ ሰው ይህን ምስል መድረክ ላይ ማሳየት ያልተለመደ መሆኑን ኋላ ሻይ ላይ ነገረኝ።

ሌላው ትኩረት የሳበው፣ እኔ እንኳ እንደ ተራ ነገር የቆጠርኩት የሰመመን አሰጣጡ ነው። አገጩ ከደረቱ የተጣበቀ ሰው ሲተኛ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አደገኛ ነው፤ አፉ በደንብ አይከፈትም፣ አንገቱ ወደ ኋላ አይሄድም። ሀብታም ሆስፒታሎች በቀጭን የካሜራ ቱቦ እየተመሩ ያስገባሉ። እኛ ታካሚው በራሱ እየተነፈሰ በኬታሚን እናደነዝዘዋለን፣ ጠባሳው ውስጥ ማደንዘዣና አድሬናሊን የተቀላቀለበት ፈሳሽ በብዛት እንወጋለን፣ አንገቱን ቀድመን እናላቅቃለን፤ ቱቦው የሚገባው አንገቱ ከተዘረጋ በኋላ ነው። አድሬናሊኑ የሚፈሰውን ደም ስለሚቀንስ የደም ከረጢት በማይገኝበት ቀንም ይጠቅማል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም፣ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ሆኖም ከፊት ረድፍ የተቀመጡ ወጣት ሐኪሞች የመድኃኒቱን መጠን ሳይቀር ጠየቁኝ። መልስ ስሰጥ ሙገሳው ለእኔ እንዳልሆነ አስረዳሁ፤ ይህን የሚሠሩት የሰመመን ባለሙያዎቻችን ናቸው፣ አንድ ልጅ ከጠረጴዛው በሕይወት መነሣቱ ከእኔ ቢላዋ ይልቅ በእነሱ እጅ ላይ ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። ከህንድ የመጡ፣ በዕድሜም በሙያም ከእኔ የሚበልጡ አንዲት ሐኪም ማይክሮፎኑን ይዘው ተነሡና፣ "እንግዲያው የነጋዴው ልጅ ቀጭኑን አንገት፣ የገበሬው ልጅ ወፍራሙን ታገኛለች ማለት ነው?" አሉ። ለዚህ ጥያቄ በቤቴ የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ፤ እሱንም ሰጠሁ። ወፍራሙ አንገት ሁልጊዜ የከፋ እንዳልሆነ፣ የትከሻ ቆዳ በቀለም ለአንገት ከጭን ቆዳ ይልቅ እንደሚቀርብ፣ ውፍረቱም በኋላ ሊቀነስ እንደሚችል፣ ርቀቱን የፈጠርኩት እኔ ባልሆንም እንደሌለ ቆጥሬ ብሠራ ግን የምትጎዳው ያችው ልጅ እንደሆነች ተናገርኩ። ሴትዮዋ በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ "የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ግን ያቀረቡልን ችግር የማደሪያ ችግር ነው፤ የሰጡን መፍትሔ ደግሞ የትከሻ ቆዳ ነው" ብለው ተቀመጡ። ሰዓቴ አልቆ ነበር። ሰብሳቢው አመሰገነኝ፣ ቀጣዩ ተናጋሪ ወጣ።

ሻይ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው። እሳቸው በሚሠሩበት አካባቢ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ከሆስፒታሉ አጠገብ ቤት ተከራይቶ፣ የቃጠሎ ታካሚዎች ከአስታማሚያቸው ጋር ደገፋው የሚያስፈልግበት ጊዜ እስኪያልፍ እንዲቆዩበት እንደሚያደርግ ነገሩኝ። ምግቡን የሚያበስሉት ታካሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከኔፓል የመጣ ሌላ ሐኪም ተቀላቀለንና እነሱ ዘንድ ርቀት የሚለካው በእግር ጉዞ ቀናት እንደሆነ፣ እሱም ያለማንም ምክር እንደ እኔ ፍላፕ ወደ መምረጥ እንዳዘነበለ ተናገረ። ሦስታችን ቆመን ስንከራከር የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አለፈን። ከጉባኤው ሁሉ የጠቀመኝ ያ ውይይት ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም አንዳችን ለሌላችን ማዘን አላስፈለገንም።

ከተመለስኩ ወዲህ ነገሩን ከሬዚደንቶቹ፣ ማለትም እኛ ዘንድ ስፔሻሊቲ ከሚማሩት ሐኪሞች፣ ጋር ደጋግመን አንሥተነዋል። በታካሚ መዝገባችን ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፦ ታካሚው ከቤቱ እስከ ሆስፒታሉ በምን እንደሚመጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት፣ ባሕር ዳር ላይ ማን ጋ ማረፍ እንደሚችል፣ በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የጠቀመን ሆኗል፤ ኔትወርክ ሲኖር በቴሌግራም የአንገቱን ፎቶ ከጎን አንሥታ ትልክልናለች፣ ደገፋው የላላ እንደሆነ ከዚሁ ሆነን እናያለን። ግራፍት ካደረግንላቸው ሩቅ ነዋሪዎች መካከል በዚህ መንገድ ደገፋውን ይዘው የቆዩ አሉ፤ ስለዚህ ኢስታንቡል ላይ ያቀረብኩት ደንብ እኔ እንዳልኩት ጥብቅ ላይሆን ይችላል። ማደሪያውን በተመለከተ ግን ገና ነን። ቤት ኪራይ ባሕር ዳር ላይ እንዴት እንደሚንር ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አንዳንድ ታካሚዎች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያድራሉ፤ ቁስል ላለበት ሰው ይህ የሚመከር አይደለም፣ ግን እናውቃለን።

በዚህ ሳምንት የሬዚደንቶቹ ክርክር ከጎንደር ወዲያ በመጣች አንዲት ልጃገረድ ላይ ነው። ጠባሳው ከአገጯ እስከ ጡቷ፣ በሁለቱም ትከሻዎቿ ላይ ስለዘለቀ ከትከሻ የሚነሣ ጤነኛ ቆዳ የለም፤ ርቀቷ ፍላፕ ቢልም ሰውነቷ ግራፍት ይላል። ከፊሎቹ አሁኑኑ እንሥራላት፣ በቴሌግራም እንከታተላታለን ይላሉ። ሌሎቹ የምታርፍበት ሳይገኝ ቢላዋ መንካት የለብንም ይላሉ፤ እኔ ወደ እነዚህኞቹ አደላለሁ። በከተማው ውስጥ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደር አጎት አላት፤ ሚስቱ ልጅቷ ብትቆይ ፈቃደኛ ናት፣ ነገር ግን በቅርቡ ስለወለደች ፊዚዮቴራፒ ይዟት የሚመጣው እሱ ነው። ፈረቃውን ለማክሰኞና ለዓርብ ጠዋት ማስቀየር ይችል እንደሆነ ነገ ከአለቃው ጠይቆ ይነግረናል፤ የቀዶ ጥገናዋንም ቀን የምንቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።